የወንዶች ገመና በገበያ ላይ

ገበያ የወጣ ዕቃ ሁሉ ይገላበጣል። ጤፍ ገዢ ዘግኖ እፍ ይላል፣ ቅቤ ገዢ በጥፍሩ ቆንጥሮ ያሸታል፣ በሬ ገዢ ጥርስ ያያል። ከዚያ ዋጋ ይነሳል፣ ይወድቃል፣ ደላላ መሐል ይገባል። አንድ ዕቃ ግን አለ፤ ገዢው ሳያገላብጥ፣ ሳይከራከር፣ አንዳንዴም ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ከፍሎ የሚሄድበት። በጋዜጣ ብጣሽ ወይም በትንሽ ፌስታል ተቋጥሮ የሚሸጥ የተፈጨ ቅጠል ወይም ሥር ነው። ገዢው ወንድ ነው። ለምን እንደፈለገው ሲጠየቅ "ለወገብ" ይላል። ጉዳዩ የወገብ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

በዚህ ገጽ የእህል፣ የቡናና የምንዛሪ ዋጋ ማንበብ የለመደ ነጋዴ "ይህ ደግሞ ምን ይሠራል እዚህ?" ሊል ይችላል። ሆኖም ንግዱ አቅራቢ አለው፣ አሰባሳቢ አለው፣ ጅምላ ሻጭና ቸርቻሪ አለው፣ የውጭ ተወዳዳሪም አለው። የሌለው ደረሰኝና ቅሬታ ነው። ዕቃው የማይሠራ ሆኖ ያገኘው ገዢ ተመልሶ መጥቶ ሱቅ በር ላይ አይጮኽም፤ ቢጮኽ ገመናው ይወጣልና። ስለዚህ ሻጩ ያለ ፍርሃት ይሸጣል፣ ገዢውም አፉን ዘግቶ ሌላ ሻጭ ፍለጋ ይሄዳል።

ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ኩታበር፣ ከእርሷም ወዲያ በተንታና በለጋምቦ አድርጎ እስከ ቦረና መካነ ሰላም የተዘረጋው የደቡብ ወሎ ደጋ፣ ይህ ዕቃ ከሚበቅልባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። አገሩ የገብስ፣ የባቄላና የበግ አገር ነው። በየአጥሩ ጥግ ሳማ ይበቅላል፤ ይህ የእኛው ሳማ በሌላ አገር የማይገኝ፣ በሳይንሳዊ ስሙም የሰሜን ተራሮችን ስም የያዘ ተክል ነው። በክፉ ቀን ይቀቀላል፣ ይበላል። በደጋው ተረተር ላይ ደግሞ ጦስኝ አለ፤ ሻይ ይፈላበታል፣ ሽሮ ይቀመምበታል፣ ለሳልና ለሆድ ይጠጣል። ዝቅ ሲሉ እንዶድና ጊዜዋ ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ በመድኃኒተኛው ቋት ውስጥ የወንዶች ክፍል አላቸው። ሳማው፣ ጦስኙና የእንዶድ ሥር "ለጨብጥ" ይባላሉ። ጥቁር አዝሙድ በማር ተለውሶ "ለጉልበት" ይሰጣል። ሳማ በቅርብ ዓመታት በከተማ ተፈጭቶና ታሽጎ "ለስንፈተ ወሲብ" የሚል አዲስ ማዕረግ አግኝቷል።

ኩታበር ላይ ሳማ የሚገዛ ሰው የለም፤ ከአጥር ጥግ በነፃ ይቀጠፋል፣ የሚያስከፍለው የእጅ ማቃጠል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን በማንኪያ ይሸጣል። በመካከል ያለውን ልዩነት የማድረቂያ፣ የማስፈጫና የአውቶቡስ ጭነት ሒሳብ ብቻውን አይገልጸውም። በርበሬም ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ይጫናል። ትልቁን ልዩነት የሚሸፍነው ገዢው ላለመታየት የሚከፍለው ነው።

የወንዶቹን አነጋገር ማስተዋል ለዚህ ይረዳል። በደጋው ሽንቱ የሚያቃጥለውና መግል የሚወጣው ወንድ "ብርድ መታኝ" ይላል፤ ወይም ምች ነው ይላል። ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ፣ አለዚያም በጨረቃ ብርሃን ሽንት ስለሸና እንደ ያዘው የሚናገር ብዙ ነው። ይህ እምነት አላዋቂነት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለባለ ትዳር ሰው ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል፦ ድንጋዩና ጨረቃው ጥፋቱን ይሸከሙለታል፣ ሚስቱም ምን አደረግህ ብላ አትጠይቀውም። ጤና ጣቢያ የሄደ እንደሆነ ግን ነርሷ የምታነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ከማን ጋር ነበርህ የሚል ነው፣ ሁለተኛውም ሚስትህን ይዘሃት ና የሚል ነው። መድኃኒተኛው ይህን አይጠይቅም። ጉልበት ለከዳው ደግሞ "ተደግሞብህ ነው" የሚል መልስ አለው። በድግምት የታሰረ ሰው ተበዳይ ነው፤ የደከመ ሰው ግን አፈረ ማለት ነው።

በመንደር ደረጃ ንግግሩ እንዲህ ያለ ነው። ጎልማሳው በምሽት ይሄዳል። "አባባ፣ እንደምን አመሹ። አንድ ወንድሜ ጥሩ አልሆነም፣ ልኮኝ ነው።" ሽማግሌውም "አብሽር ልጄ፣ ወንድምህ ስንት ጊዜ ሆነው?" ይላሉ። ወንድም የሚባል ሰው እንደሌለ ያውቃሉ፣ ጥያቄያቸውን ግን በወንድሙ ስም ይቀጥላሉ። በዚህ ትህትና የማይደነቅ ሰው ካለ ወሎን አያውቅም። ወሎ ላይ ደግሞ መስጊድ ሄዶ የሚሰግደውም ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የሚሳለመውም ለዚህ ጉዳይ ሲሆን ሃይማኖት አይለይም፤ ሙስሊሙ ደብተራ ዘንድ ይሄዳል፣ ክርስቲያኑ ሼህ ዘንድ ይሄዳል። ለነገሩ ሌላ ምክንያትም አለው፤ የእምነቱ ተከታይ ያልሆነ ሰው ከጎረቤቱና ከዘመዱ ጋር ወሬ የሚያገናኘው ዕድል ያነሰ ነው።

የጥንቱ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ የራሱ የንግድ ሥርዓት ነበረው፣ በደጋውም ገና አልጠፋም። ዕውቀቱ ከአባት ለተመረጠ ልጅ ይተላለፋል። ቅጠሉ ከተደባለቀና ከተወቀጠ በኋላ እንጂ በቁሙ ለታማሚ አይታይም፣ ስሙ ከተነገረ ይረክሳል ይባላልና። ብዙው የሚሰበሰበው በጳጉሜን ነው፤ በእነዚያ ጥቂት ቀናት የተቆረጠ መድኃኒት ይሠራል የሚል የቆየ እምነት አለ። ክፍያው ደግሞ በብዙ ቦታ ከዳነ በኋላ ነበር። አስቀድሞ ትንሽ መነሻ ይሰጣል፣ የዳነ ሰው በግ ይነዳል ወይም እህል ያስጭናል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ ዋስትና ያለው ሽያጭ ነው፤ አደጋውን የሚሸከመው ሻጩ ነው። መድኃኒተኛው ጎረቤት በመሆኑ ስሙ በመንደሩ ቢጠፋ የሚሄድበት የለውም።

ዕቃው ደሴ መናኸሪያ ደርሶ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ ዋስትናው ታች ይቀራል። ምስጢሩ ግን አብሮ ይጫናል። አዲስ አበባ ላይ በየስልክ እንጨቱ ኪንታሮትን፣ አስምን፣ ስኳርንና ስንፈተ ወሲብን በአንድ ወረቀት ደርድሮ ቁጥር የሚጽፈው ሻጭ፣ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚያስተዋውቀው፣ ገንዘቡን በቅድሚያ ይቀበላል። ገዢው አያውቀውም፣ መልሶም አያገኘውም። "የወሎ አዋቂ ነው" የሚለው ቃል እንደ ንግድ ምልክት ያገለግላል፤ ምልክቱን ግን ማንም ሊለጥፈው ይችላል። ዋጋውም እንደ ሰው ነው። ሻጩ ጫማህን ያያል፣ መኪናህን ያያል፣ ከዚያ ይጠራል። ተወዳዳሪ ሻጭ ዘንድ ሄዶ ዋጋ ለማወዳደር ገመናን ለሁለተኛ ሰው መንገር ስለሚጠይቅ ብዙው ሰው በመጀመሪያው ዋጋ ይስማማል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን አንስቶ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ገዢው ለሁሉም መኪና የሚከፍለው አማካይ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለውን ሰው ከገበያ ያስወጣዋል፣ የቀረው ሁሉ ብልሹ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። የእኛ አገር መኪና ገዢ ለዚህ መላ አለው፤ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። ለወገብ መድኃኒት ግን ማን መካኒክ ይዞ ይሄዳል? ከዚህ የባሰው ደግሞ መኪና ቢያንስ ከተነዳ በኋላ ጉዱ ይታያል። መድኃኒቱ ከተጠጣም በኋላ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለውን ገዢው በትክክል መለየት አይችልም።

ለምን አይችልም? ቂጥኝን እንውሰድ። በብልት ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ቁስል አያምም፣ ምንም ባይደረግለትም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ራሱ ይደርቃል። በዚያ መካከል ቅጠል የቀባ ሰው ቅጠሉ አዳነኝ ይላል፣ ለጓደኛውም ይመሰክራል። በሽታው ግን በደም ውስጥ ይቆያል፣ ከዓመታት በኋላ ልብና አንጎል ድረስ ሊደርስ ይችላል። በመጀመሪያው ጊዜ ቢሆን አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይበቃው ነበር። ጨብጥም እንዲሁ ነው፤ ማቃጠሉና መግሉ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሊቀንስ ይችላል፣ ተዋሲው ግን ይተላለፋል። ሚስቱ ዘንድ ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ ማሕፀንዋንና ቱቦዎቿን ሊጎዳ፣ መካን ሊያደርጋት ይችላል። በዚህ ሒሳብ ለቅጠሉ የከፈለው ባል ሲሆን ዕዳው የሚወርደው በእርሷ ላይ ነው። ልጅ ሳይወለድ ሲቀር ደግሞ የምትፈታው እርሷ ናት።

በጉልበት ማጣት በኩል ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ እምነት። ሲልዴናፊል የተባለው መድኃኒት፣ በገበያ ስሙ ቪያግራ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1998 በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት በአንድ ስመ ጥር የሕክምና መጽሔት የወጣው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱት ወንዶች ሙከራ 69 በመቶው መሳካቱን አሳየ። ባዶ ክኒን፣ ማለትም ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው ደግሞ 22 በመቶው ተሳካ። ይህችን 22 በመቶ ነጋዴ አንባቢዎች ልብ ይበሏት። ምንም የሌለበት ዱቄት የሚሸጥ ሰው እንኳ ከአምስት ሙከራ አንዱ እንዲሳካ መጠበቅ ይችላል ማለት ነው። የተሳካለት ያመሰግናል፣ ያልተሳካለት ዝም ይላል። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የትኛው ፋብሪካ አለው?

ሰማያዊዋ ክኒን ለቅጠሉ ገበያ ትልቋ ተወዳዳሪ ሆናለች። መጀመሪያ ለልብ ሕመም ተብላ በእንግሊዝ አገር ስትሞከር ነበር የጎን ውጤቷ የተገኘው። ዛሬ ከሕንድ ፋብሪካዎች በልዩ ልዩ ስም ትመጣለች፣ ብዙ ጊዜም ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየፋርማሲው ትሸጣለች። ገዢዋም ከወጣት እስከ አዛውንት ነው። ቅጠል ሻጩ ለዚህ የሰጠው መልስ "የእኔ ተፈጥሮ ነው፣ ጉዳት የለውም" የሚል ነው። ብዙ ወንዶች ይህን ያምናሉ። በዓለም ገበያ የታየው ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር "ተፈጥሯዊ" ተብለው ለወንዶች የሚሸጡ ዱቄቶችና እንክብሎች ውስጥ ሳይጻፍ የተጨመረ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል በተደጋጋሚ አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በማር ላይ ጨምረው ይሸጡ ለነበሩ አራት ድርጅቶች ማስጠንቀቂያ ጽፏል። ክኒኑ በድብቅ የተጨመረበት ማር በርግጥ ይሠራል። ችግሩ ለልብ ሕመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከዚህ ጋር ሲቀላቅለው የደም ግፊቱ ድንገት ወርዶ ሊሞት መቻሉ ነው። ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ክኒኗን ቢጠይቅ ይህን ይነግሩት ነበር። ማር ነው ብሎ የላሰው ሰው ግን ማን ይንገረው? የእኛም ዱቄት ያልተመዘገበና ያልተመረመረ እስከሆነ ድረስ በውስጡ ምን እንዳለ ገዢው ቀርቶ ሻጩም በርግጠኝነት አያውቅም። እንዶድን ለምሳሌ ብንወስድ ልብስ የሚያጥበው ኃይሉ ሰውንም ይጎዳል፤ መጠኑ ሲበዛ መርዝ ነው።

ዝምታው የሚያስከፍለው ሌላም አለ። ጉልበት ማጣት በብዙ ወንዶች ዘንድ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም የደም ሥር መጥበብ ምልክት ነው። የብልት ደም ሥሮች ከልብ ደም ሥሮች የቀጠኑ በመሆናቸው ምልክቱ ከልብ ሕመሙ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። የአርባና የሃምሳ ዓመት ነጋዴ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል፣ ማታ ጥሬ ሥጋና ውስኪ የሚያዘወትር፣ ይህን ምልክት "ለወገብ" ብሎ ሲሸፍነው ሐኪም ሊደርስበት የሚችለውን ጊዜ እየበላ ነው። የስኳር ምርመራ ደግሞ የጣት ጠብታ ደም ነው የሚፈልገው፣ ዋጋውም ከዱቄቱ አይበልጥም።

ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ላይ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። ጥንት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ፣ በቆዳ ሕክምናም ስም ያለው ነው። በብልቱ ላይ ቁስል የወጣበት ሰው በመኪና በደጁ አልፎ መድኃኒተኛ ፍለጋ ሊሄድ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ኩታበርንና ደሴን ሲያዳርስ የደሴውን ሆስፒታል ጨምሮ በደቡብ ወሎ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፤ ያኔ ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚፈልገውም መሄጃ አጣ። በዚያ ጊዜ ቅጠል የያዘ ሰው ያደረገውን ደግነት ማቃለል ተገቢ አይሆንም። ከሠላምም በኋላ መድኃኒት የጎደለበት ጤና ጣቢያ ካለ፣ ከጎደለው ጤና ጣቢያ የሞላ የመድኃኒተኛ ቋት ይመረጣል።

እስካሁን የተናገርነው ጉዱን ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ እውነተኛ ሸቀጥ መኖሩን ደግሞ መካድ አይቻልም፣ ለባለሀብት አንባቢዎቻችንም የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው። በደጋ ደኖቻችን ውስጥ ጥቁር እንጨት የሚባል ዛፍ አለ። ልጣጩ በአውሮፓ የፕሮስቴት እጢ ያበጠባቸው፣ ሌሊት ሽንት የሚያመላልሳቸው ሽማግሌዎች መድኃኒት ነው። ፈረንሳዮች ከ1960ዎቹ ጀምሮ ታዴናን በሚል ስም በእንክብል ሸጠውታል። 1,562 ወንዶች የተሳተፉባቸው 18 ሙከራዎች ተሰብስበው ሲገመገሙ መጠነኛ ግን እውነተኛ ጥቅም ታይቶበታል። ልጣጩን ለዓለም ያቀረቡት በዋናነት ካሜሩን፣ ማዳጋስካርና ኬንያ ናቸው። ዛፉ እየተላጠ መድረቅ በመጀመሩ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከካሜሩን መግዛት አቁሞ ነበር። የዛፉ ባለቤት የሆነ ሌላ አገር ዘርቶና ተክሎ ቢቀርብ ገዢ አያጣም ነበር።

ጊዜዋን ደግሞ እንይ። በእኛ ዘንድ ሥሩ ለቡዳ ይታጠናል። ሕንዶች ይህንኑ ተክል አሽዋጋንዳ ብለው ያመርቱታል፣ ፈጭተውና አሽገው ለዓለም ወንዶች ለጉልበትና ለጭንቀት ይሸጡታል። አንዳንድ ትንንሽ ጥናቶች ይደግፉታል፤ በሌላ በኩል ጉበት ጎድቷል የሚሉ ሪፖርቶች ወጥተዋል፣ ዴንማርክም እ.ኤ.አ. በ2023 አግዳዋለች። ክርክሩ ራሱ የሚያሳየው ነገር አለ፦ ስሙ በእሽጉ ላይ ስለተጻፈ ነው ሊጠና፣ ሊከሰስና ሊታገድ የቻለው። የእኛው ዱቄት ስም ስለሌለው አይጠናም፣ አይታገድም፣ ወደ ውጭም አይላክም።

በሕግ በኩል መንግሥት ለባህል ሕክምና በሩን ከዘጋ አይቆጠርም፤ በ1940 ዓ.ም. የወጣው የሐኪሞች ምዝገባ አዋጅ እንኳ ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ ፈቅዶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ግን መድኃኒት ብሎ ለገበያ የሚያቀርብ ሰው ደኅንነቱን፣ ፈዋሽነቱንና ጥራቱን አሳይቶ እንዲያስመዘግብ ይጠይቃል። ለአንድ የኩታበር ሽማግሌ ይህ ከአቅም በላይ ነው። ለባለሀብት ግን ላቦራቶሪ ያለው ተቋምና ጥቂት ዓመታት ትዕግሥት የሚጠይቅ ኢንቨስትመንት ነው። ከዚህ ያነሰ ጣጣ ያለው ጅምርም አለ። ጦስኝና ሳማ ምግብ ናቸው፤ "ለወንድ" የሚለው ቃል ከእሽጉ ላይ ቢነሳ በምግብነት ንጹሕ ሆነው ሊሸጡ ይችላሉ። ነጋዴው ቃሉን ማንሳት የማይፈልገው ዋጋውን ያወጣለት ያው ቃል ስለሆነ ነው።

የእንዶድ ታሪክ ደግሞ ለአቅራቢው ወገን ትምህርት አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚያ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ለመቆጣጠር የሚያስችል ጥናት ተገኘ፣ እ.ኤ.አ. በ1989ም ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ብዙም ሳይቆይ ግን የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድን በውሃ ቱቦ ላይ የሚጣበቅ ሌላ ተባይ ለመግደል በሚል የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። የጤፍም ጉዳይ በሆላንድ ፍርድ ቤት እስኪወሰን እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ ቆይቷል።

ለዚህ ተብሎ በ1998 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 482 ወጥቷል። ተክሉንና ዕውቀቱን ያቆየው ማኅበረሰብ ከሚገኘው ጥቅም ድርሻ እንዲኖረው ይደነግጋል። ድርሻ ለማስያዝ ግን የትኛው ቅጠል፣ ለምን፣ በምን መጠን የሚለው መነገር አለበት። የኩታበሩ አዋቂ ደግሞ ስሙ ሲነገር ይረክሳል ብሎ አባቱ ነግሮታል፤ የደሴው አሰባሳቢም ይህ እምነት እንዲቆይ ምኞቱ ነው። ጳጉሜን ሲመጣ ቅጠሉ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ ከዚያም ስም ሳይጻፍበት ከበርበሬና ከሽሮ ጆንያ ጋር በአውቶቡስ ጣራ ላይ ይወጣል።